የወናፉ ርክክብ

ከሚሴ ላይ በዚያ ዘመን «አስተኚዋ የት ናት?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ ስም መጨመር አያስፈልገውም ነበር። ከቦርከና ድልድይ ማዶ ወዳለው የቆርቆሮ ሐኪም ቤት ይመሩታል። አስተኚዋ ረቢአ ኑርሁሴን ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የምታስር ሴት። ሐኪሙ ሆድ ከመክፈቱ በፊት በሽተኛውን የምታስተኛው፣ ተኝቶ ሳለ የምትተነፍስለት፣ የተከፈተው ሲሰፋ ደግሞ ከሄደበት የምትመልሰው እሷ ነበረች።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በማጠቢያ ክፍል በኩል ነው። ሐኪም ቤቱን በስድሳ ስድስቱ ረሃብ የተከሉት ፈረንጆች ደም የነካ ጨርቅ የምታጥብ ሴት ሲፈልጉ፣ ከባሏ ተፋትታ ታናሽ ወንድሟን የምታሳድገው ረቢአ ተቀጠረች። የታጠበውን ጨርቅ ልታደርስ በገባች ቁጥር በር ላይ ቆማ የበሽተኛውን ደረት ታያለች። አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ኧረ ትንፋሹ ቀረ!» አለች። ዘወር ብለው ቢያዩ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ ጨርቅ አላጠበችም። ሁለት ዓመት እዚያው፣ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተምራ ተመለሰች። ፈረንጆቹ ወጥተው ሐኪም ቤቱ የመንግሥት ሲሆንም እሷ ከነወናፏ ቀረች።

ወናፍ የሚሉት ያለ ነገር አልነበረም። ማደንዘዣው ኤተር ነው፤ ሽታው ሰውን ከግቢው በር የሚቀበል ፈሳሽ። ትነቱን ከአየር ጋር ቀላቅሎ፣ በጉሮሮ በገባ ቱቦ ወደ ሳንባ የሚገፋው ደግሞ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ የሚነሣና የሚጫን የጎማ ዕቃ ነበር። ያን የያዘ እጅ ማረፍ የለበትም። ጅማት የሚያላላው መርፌ ከተሰጠማ ጨርሶ። መርፌው ለሐኪሙ እንዲመቸው የሆዱን ሥጋ እንደ ጨርቅ ያለሰልሰዋል፤ ግን ደረትንም አብሮ ያዝለዋል። መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ድረስ በሽተኛው የሚኖረው በወናፉ ብቻ ነው።

ረቢአ በሽተኛ ስታስተኛ ቁጥር አታስቆጥርም። «አባትህ ማነው? የአባትህስ አባት?» ትላለች። የአካባቢው የጨፋ ሰው ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየደባለቀ ዘሩን ሽቅብ ይቆጥርና ብዙ ጊዜ ከአምስተኛው ሳያልፍ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ የሰንበቴ ከብት ነጋዴ ብቻ ዘጠኝ ደርሶ ነበር፤ ያንን ሁልጊዜ እየሳቀች ታወራዋለች።

ሳቋ ግን በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ቆመ።

ወንድሟ ቃሲም ሰንበቴ ላይ አስተማሪ ሆኖ ነበር። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርና እሷ ናት አብልታ፣ አልብሳ፣ ለመምህርነት ያበቃችው። አንድ እሑድ ጠዋት የአብዮት ጠባቂዎች ከመንገድ ላይ ያዙት። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስንቅ ይዛ ብትመላለስ «እዚህ የለም» እያሉ መለሷት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደሴ መውጫ ላይ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር አስፋልት ዳር ተጋድሞ ተገኘ፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። ሶላተል ጀናዛም አልተሰገደበትም። እሷ በዚያው ቀን ሥራ ገብታ ሁለት ሰው አስተኛች። ሁለቱንም በሰላም ቀሰቀሰች። ወደ ቤቷ ስትሄድ እንኳ አላለቀሰችም፤ ጎረቤት ይሰማል።

በሳምንቱ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የሟቾቹ «ወንጀል» ሲነበብ የመስካሪዎቹም ስም ተነበበ። ቃሲም የተከለከለ ወረቀት በሐኪም ቤቱ የፋሻ ካርቶን ውስጥ ሲደብቅ አይቻለሁ ብሎ የፈረመው ሙህዲን ይባላል። የዚያው ሐኪም ቤት ድሬሰር ነው፤ ከረቢአ ጋር በአንድ በር የሚገባ፣ በአንድ በር የሚወጣ፣ ቁስል አጥቦ የሚያሽግ ዝምተኛ ወጣት። ረቢአ ስሙን ስትሰማ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ዞራም አላየችው።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ መንግሥት ሙህዲንን ማደንዘዣ እንዲማር ላከው። ተመልሶ ሲመጣም ከእሷ ሥር ተመደበ። ሥራውን በእጅ ያስለመደችው እሷው ናት። ቱቦ ሲያስገባ እጁን ታያለች፤ ፊቱን አታይም። በስሙ ጠርታው አታውቅም። አንዱ ደክሞት ወይም ሌላ በሽተኛ መጥቶበት ወናፉን ለሌላው ሲያስረክብ ግን መነጋገር ግድ ነው፤ ምን ተሰጠ፣ ስንት ተሰጠ፣ መቼ ተሰጠ፣ ምን ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት ረቢአ ይህን ሁሉ ትናገር ነበር። በሁለተኛው ዓመት አሳጠረችው። በሦስተኛው ዓመት ሦስት ነገር ብላ ትወጣለች። ሙህዲን የጎደለውን ከወረቀቱ ላይ ያነባል። ደግሞ ቢጠይቃት፣ ግድግዳውን በሚያይ ዐይን ታየዋለች፤ ስለዚህ አለመጠየቅን ለመደ።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ከጨፋ ሮቢት በኩል ስምንት ሰው እየተቀባበለ አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጣ። ዓዲላ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ እቤት ትታ መጥታለች። አንጀቷ ተጠማዞ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ከተያዘች ሁለት ቀኗ ነው፤ ስታስታውክ ከርማ ሰውነቷ ውሃ አጥቶ ሽንቷ ከደረቀ ውሎ አድሯል። ባሏ ሙሐመድዘይንና እናቷ ሀዲጃ ከቃሬዛው ግራና ቀኝ ናቸው።

«ተነሥታ ትሄዳለች ወይ፣ ልጄ?» አለች ሀዲጃ።

«ኢንሻ አላህ፣ እናቴ። እዚህ ይቀመጡ፤ እኔ አብሬያት ነኝ» አለቻት ረቢአ።

አራት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ አጋደሟት። «አባትሽ ማነው?» አለቻት። ዓዲላ ከንፈሯ ደርቆ ስለነበር ቀስ እያለች ቆጠረች። አራተኛው ላይ ወሰዳት። አራት ሰዓት ከዐሥር ላይ ረቢአ የሚያላላውን መርፌ ሰጠች፣ ቱቦውን አስገባች፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈች፣ ወናፉን ያዘች። ዶክተሩ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር። ሆዱን ከፍቶ የተነፋውን አንጀት ሊያወጣ ቢሞክር ሥጋው ጠነከረበት።

«አላላልኝ እንጂ! እንዲህ ሆኖ አልችልም!» አለ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ረቢአ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሰብራ ሰጠች። እስክሪብቶዋን ከኪሷ ልታወጣ ስትል በሩ ተከፈተ። ከማዋለጃ ክፍል ነው የመጡት፤ ኡምኩልሱም የምትባል ወላድ የእንግዴ ልጁ አልወርድ ብሏት ደሟ ይፈሳል፣ ማደንዘዣ ያስፈልጋል፣ ፈጥነሽ ድረሺ። ሙህዲንም ተጠርቶ እጁን ታጥቦ ከኋላ ቆሟል።

ረቢአ ከወንበሯ ተነሣች። «ኤተር ሦስት ላይ። ግፊት ዘጠና። ግሉኮሱ ሁለተኛው ነው።»

ሙህዲን ወናፉን ተቀበለ። «የሚያላላውስ?» አለ።

«ተሰጥቷል።»

ሙህዲን ወረቀቱን አየ። አራት ሰዓት ከዐሥር የሚል አንድ መስመር አለ። ስንት ጊዜ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ያ አስተያየቷ ታወሰውና ዘጋው።

ረቢአ በሩ ላይ ስትደርስ አለመናገሯ ታወቃት። እጇ እጀታው ላይ ነበር። ዘወር ብላ «ሁለት ጊዜ ነው» ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። «ከፈለገ ይጠይቀኝ» አለች በልቧ። ከማዋለጃው ጩኸት ተሰማ፤ እሷም ወጣች።

ኡምኩልሱም ዳነች። ሥራው ከአርባ ደቂቃ ትንሽ በልጦ ፈጀ። በዚያ መሀል ከወዲያኛው ክፍል ደስ የሚል ነገር ሆኖ ነበር። የዓዲላ አንጀት አልሞተም፤ ሲፈቱት መልኩ ተመለሰ። ዶክተሩ መቁረጥ ሳያስፈልገው አስተካክሎ ሰፋ። ሙህዲን የሚያላላው መርፌ ከተሰጠ ሰዓት ተኩል ሊሆነው ነው ብሎ ቆጠረ። ማርከሻውን ሰጠ። ዓዲላ ሁለት ሦስት ጊዜ በራሷ ስትተነፍስ አየና ቱቦውን አወጣው። ወደ መኝታ ክፍል ወሰዷት፤ የክፍሉ ጠባቂ አያ ዘይኑ አጠገቧ ተቀመጡ። አያ ዘይኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ያለ በሽተኛ ያረፈ ይመስላቸዋል።

ረቢአ እጇን እያደረቀች ስትገባ ያየችው የዓዲላን ዐይን ነው። ቆቡ በግማሽ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ሊዘጋም ሊገለጥም አልቻለም። አፍንጫዋ ይርገበገባል፣ አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ ይሰረጉዳል፣ ደረቷ ግን አይነሣም። ከንፈሯ ጠቁሯል። ረቢአ ወዲያው ገባት። ሰውነቷ ደርቆ ኩላሊቷ ሥራ ያቆመባት ሴት ሁለተኛውን መርፌ ከሰውነቷ አላወጣችውም፤ ማርከሻው ለጊዜው ቀና አደረጋትና መልሶ ለቀቃት።

እጇን ይዛ «ዓዲላ፣ ትሰሚኛለሽ? ጨብጪኝ» አለቻት።

አንዲት ጣት ብቻ፣ ዝንብ እንዳረፈባት ያህል ተነቃነቀች። ትሰማለች። ነቅታለች። መጮህ ነው ያቃታት።

ወናፉ ከኦፕራሲዮን ክፍል እስኪመጣ ረቢአ በአፏ ተነፈሰችላት። ወናፉ መጣ፤ ሙህዲን ቱቦውን መልሶ አስገባ፤ ዶክተሩ ደረቷን ተጫነ። ሰዓቱን ማንም አላየም። የዙሁር አዛን ሲሰማ ዶክተሩ እጁን አነሣ። ረቢአ ግን ወናፉን አልለቀቀችም። አያ ዘይኑ ናቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቋት።

ሀዲጃ ውጪ ሣሩ ላይ አጥሚት በጣሳ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ነገሩን የነገራት ዶክተሩ ነው፤ «ልቧ አልቻለም» አለ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሙሐመድዘይን፤ ቆየና ቀና ብሎ፣ «ለፋችሁ። አላህ ይስጣችሁ። ቀደሩ ነው፤ አላህ የወሰነው» አለ። አመሰገናቸው። ያ ምስጋና ነው ረቢአን የጎዳት። ስምንቱ ሰዎች ያንኑ ቃሬዛ አንሥተው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ በሚቀቀልበት ክፍል ብቻዋን ቆማ ሳለ ሙህዲን ገባ። መዳፉን ዘረጋ። ከሳህኑ ላይ ያነሣቸው ሁለት የተሰበሩ ብልቃጦች ናቸው።

«ሲስተር ረቢአ፣ ሁለት ነበር?»

«ሁለት ነበር።»

ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወረቀቱን አሁን ጻፊው። አምስት ሰዓት ላይ ሁለተኛ ተሰጠ በይ። ተጽፎ ነበር፣ ሙህዲን አላነበበውም ይባል። እኔ እቀበላለሁ።»

ረቢአ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። «ለምን?»

«ታውቂዋለሽ ለምን እንደሆነ። ሦስት ቀን ወፌ ላላ ሰቅለው ገረፉኝ። ስም አምጣ አሉኝ። የመጣልኝ የሱ ስም ነው፤ ካርቶኑ አጠገብ ቆሞ አንቺን ሲጠብቅ አይቼው ነበር። ወረቀት ግን አላየሁም። አንድም ወረቀት አላየሁም። ደሙ በአንገቴ ነው። ይሄኛውን ለኔ ተይልኝ።»

እስክሪብቶዋ ኪሷ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ቀለሙም አንድ ነው፤ ማን ያውቃል? አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ሊያጠፋ የሚችል ነገር ለምናለች፤ አሁን በገዛ እጁ አምጥቶ ሰጣት።

«የቃሲምን በዓዲላ አትከፍለኝም» አለችው። «ውጣልኝ።»

በአምስተኛው ቀን ከአውራጃው ሦስት ሰዎች መጡ። የመጡት ለሟቿ ብለው እንኳ አልነበረም፤ ሐኪም ቤቱ በዚያ ዓመት የሞተበትን ሰው ብዛት ሊመዘግቡ ነው። ግን ነገሩን ሰምተዋልና ሠራተኛውን ሰብስበው ጠየቁ። ዶክተሩ ቀድሞ ተናገረ። ወላዷ ደም እየፈሰሳት ስለነበር ሲስተር ረቢአ ተቻኩላ ወጣች፤ በጥድፊያ የሆነ ነው፤ ማንም ሰው ይሳሳታል አለ። ሊያድናት መሆኑን ሁሉም አወቀ። ሰብሳቢውም ራሱን ነቀነቀ። ዝም ብትል ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር።

ረቢአ ተነሣች። «ጥድፊያ አልነበረም» አለች። «ጊዜ ነበረኝ። በሩ ላይ ሆኜ ትዝ ብሎኛል። ያልነገርኩት ከእሱ ጋር መነጋገር ስለማልፈልግ ነው።»

«ለምንድነው የማትፈልጊው፣ ጓዲት?» አለ ሰብሳቢው።

«በወንድሜ ላይ በሐሰት ፈርሞ አስገድሎታል።»

 ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሣ። «ወንድምሽን ማን ነው የገደለው አልሽ?»

ዶክተሩ ከጎኗ «ሲስተር፣ ተቀመጪ» አላት በሹክሹክታ። አልተቀመጠችም።

«እርምጃ ወሰድን ብላችሁ የለጠፋችሁት እናንተ ናችሁ። ወንድሜ ጥፋት አልነበረበትም። ይሄ ግን ከዓዲላ ሞት አያነጻኝም፤ እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ። ይህንን ጻፉልኝ።»

የጻፉት የፊተኛውን ነው። ሰብሳቢው የተባለውን ደጋግሞ አንብቦ፣ የአብዮቱን ፍርድ የሚኮንን ንግግር ተደርጓል፤ የሰማ ይፈርም አለ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዶክተሩ ፈረመ። ሙህዲን ዘንድ ሲደርስ ረቢአ አየችው፤ አራት ቀን ቀደም ብሎ ራሱን ሊሰጥላት የነበረው ሰው ፈረመ። አያ ዘይኑ «እኔ ጽሑፍ አላውቅም» አሉ፤ አውራ ጣታቸውን ይዘው ቀለም ነከሩት።

ደሴ ወህኒ ቤት አንድ ዓመት ከዐሥር ወር ተቀመጠች። ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ሁለት ጊዜ መርማሪ ጠርቷት የወንድሟን ጓደኞች ስም ጠየቃት። በሁለተኛው ጊዜ ሊሸኛት ሲል፣ «ስለ በሽተኛዋስ አትጠይቀኝም?» አለችው።

«የትኛዋ በሽተኛ?» አለ መርማሪው፤ ፋይሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ዘጋው።

በሰባ ሰባት መስከረም ላይ ከሚፈቱት ጋር ስሟ ተጠርቶ ወጣች። ከደሴ በጭነት መኪና ስትወርድ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ነበር፤ ቁጭ ያለ፣ የተጋደመ፣ የተከናነበ። ሁለተኛው ረሃብ ገብቷል። ከሚሴ ወርዳ ቤቷን አላየችም። በማግስቱ በእግሯ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄደች።

ሀዲጃን ያገኘቻት ደጅ ላይ ማሽላ ስታበጥር ነው። ከስታለች። አጠገቧ የአራት ዓመት ገደማ ልጅ አፈር ትጫወታለች፤ አፍንጫዋ የዓዲላ ነው።

«አካም ነጋ፣ እናቴ።»

«ነጋ፣ ነጋ። የማን ልጅ ነሽ?» አለች ሀዲጃ። ከዚያ ለየቻትና ሰፌዱን አስቀመጠች። «አስተኚዋ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። የምነግርዎ ነገር አለኝ፤ ይስሙኝ።»

ቆማ ነው የነገረቻት። የመርፌውን፣ የበሩን፣ የወንድሟን፣ የዓዲላን ጣት መነቃነቅ፤ ምንም አልተወችም። ሀዲጃ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ መጀመሪያ ያደረገችው ልጅቷን ጠርታ «ግቢ እቤት» ማለት ነው። ልጅቷ እስክትገባ ጠበቀች።

«ትሰማ ነበር አልሽኝ?»

«ትሰማ ነበር።»

«ያን ጊዜ እኔ አጥሚት ይዤ ደጅ ነበርኩ። ሃያ እርምጃ አይሆንም።» ሀዲጃ መሬቱን አየች። «ያ ዶክተር ልቧ ነው አለኝ። የልቧን ሞት ለምጄው ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ሞት አመጣሽብኝ።»

«አውፍ ይበሉኝ፣ እናቴ።»

«ሐቁ የኔ አይደለም፤ የሷ ነው። እሷ የለችም። የቂያማ ቀን ራሷን ጠይቂያት።» ከዚያ ተነሥታ ገባችና ውሃ በቅል ይዛ ወጣች። «ጠጪና ሂጂ። መንገዱ ፀሐይ ነው። ባሏ ከመምጣቱ በፊት ሂጂልኝ፤ እሱ እንዳሁኑ ቀደር ነው ብሎ ይኑር።»

ረቢአ ጠጥታ ሄደች። ቀለል የሚላት መስሏት ነበር፤ አልቀለላትም። መንገዱን ሙሉ የሚሰማት፣ ሸክሟን ለአንዲት አሮጊት አካፍላ መምጣቷ ነው።

ሐኪም ቤቱ በረሃቡ ተጨናንቆ ነበር። የፊተኛው ዶክተር ተዛውሯል፤ አዲሱ ዶክተር ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው አንድ ብቻ ስለነበረው፣ ፋይሏን ሳያነብ በቀን ሠራተኛነት አስገባት። ያ አንድ ሰው ሙህዲን ነው። ጸጉሩ ሸብቷል። በር ላይ ሲያያት ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፋት።

በሦስተኛው ቀን የታነቀ ቡአ ያለበት አንድ የሰንበቴ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ እያለ ወደ ሌላ በሽተኛ ተጠራችና ወናፉን ልታስረክበው ሆነ። ሙህዲን እጁን ዘረጋ። እሷ አልለቀቀችም።

«ስሙ አደም ነው» አለች፣ ሐኪሙ እስኪሰማ ጮክ ብላ። «ስድሳ ዓመት ይሆነዋል። ትናንት ማታ በልቷል፤ ሆዱ ባዶ አይደለም። ኤተር ሁለት ተኩል ላይ ነው። ግፊቱ መቶ ዐሥር፣ ትርታው ዘጠና ስድስት። የሚያላላው ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል፤ ሦስት ሰዓት ከሩብና አራት ሰዓት ከአምስት። ጽፌዋለሁ። በል መልስልኝ።»

ሙህዲን መለሰ። 

«ሁለተኛው ስንት ሰዓት ላይ አልክ?»

«አራት ከአምስት።»

«ምን ጎደለ? ጠይቀኝ።»

«ሽንቱስ?»

«ወርዷል። ጥሩ ነው።» ያን ጊዜ እጇን አነሣች።

ሽማግሌው በዘጠነኛው ቀን በእግሩ ወደ አገሩ ሄደ። ረቢአና ሙህዲን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አብረው ሠሩ። ጠረጴዛው ራስጌ ላይ አንዲት ቃል አትነፍገውም፤ ከዚያ ውጪ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አላለችውም። በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ ሲያፈጥሩ በአንድ ክፍል ሁለት ጥግ ይቀመጣሉ። እናቱ ስትሞት ለቅሶ አልደረሰችም። ሰው ይህን ሲያይ «ይቅር ተባብለዋል» ይልም ነበር፣ «ቀን ጠብቃ ትበላዋለች» ይልም ነበር። ሁለቱም አልነበረም።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ከደሴ በኩል ተሰብሮ መውረድ ጀመረ። መንገዱ በመኪና፣ በእግረኛ፣ በቁስለኛ ሞላ። ሐኪም ቤቱ በረንዳው ድረስ ሰው ነው። ረቢአ ሆዱን የተመታ ወታደር ጠረጴዛው ላይ ይዛ ወናፉን ስትጫን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ክንዷ ከዳት።

«አያ ዘይኑ፣ ሙህዲንን ይጥሩልኝ። ይቀበለኝ።»

አያ ዘይኑ ወጥተው ቆይተው ተመለሱ። «መኪና ላይ ተሳፍሯል፣ ልጄ። ከወታደሮቹ ጋር ወርዷል። የሚገቡት ስለ ድሮው ፊርማ ይጠይቁኛል ብሎ ፈርቶ ነው መሰለኝ፤ ዕቃውን እንኳ አልያዘም።»

ረቢአ ዐይኗን ከወታደሩ ደረት አላነሣችም። ከዚያ «ወንበሩን ያቅርቡልኝ» አለች፤ ቀኝ ክንዷን አሳርፋ በግራዋ ያዘች። ዶክተሩ እስኪጨርስ፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው እስኪያልቅ፣ ከዚያም የሚቀጥለው። ያን ቀን ብቻዋን ሦስት ሰው አስተኛች። ሁለቱ ነቁ።